ጉንዳን በገንዘብ፦ ስለ አንድ የጉንዳን ማርቢያ ሳጥን

ጊዜ ለሌለው ሰው አጭሩን ልንገር። ጉንዳኖቹን ግዙ። የመስታወት ቱቦውን ግዙ። ሳጥኑን ተዉት። ምክንያቱን ማወቅ የፈለገ ይከተለኝ።

የምንኖረው ጀርመን፣ ኑርንበርግ ነው። ልጄ ውሻ ካልገዛችሁልኝ ብሎ ቤቱን ሲበጠብጥ ከረመ። አከራያችን ውሻ ሲባል ፊታቸው ይለዋወጣል። ድመት እንዳንገዛ ባለቤቴን ያስነጥሰዋል። በመጨረሻ ልጁ ራሱ ኢንተርኔት ላይ አንድ ነገር አግኝቶ መጣ። ንግሥት ጉንዳን፣ ሃያ ያህል ሠራተኞቿ፣ ቤታቸውና ምግባቸው በአንድ ጥቅል። "ለጀማሪ የተሟላ" ይላል። ዋጋው ከነመላኪያው መቶ ዩሮ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። አይጮህ፣ ጠጉር አያራግፍ፣ ማታ ውጡ አይል። እሺ አልን።

ደብረ ማርቆስ ለእናቴ ደውዬ ስነግራት በደንብ ያልሰማች መሰላት።

"ምን ገዛሽ?"

"ጉንዳን።"

"በገንዘብ?"

"በገንዘብ፣ እማዬ።"

ትንሽ ዝም አለችና "እዚህ ጓሮ ሞልቶ የለም እንዴ ልጄ፤ በነፃ እልክልሽ አልነበር" አለች። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ይህን እያነሳ ይስቃል።

የመጣልን ዝርያ ሜሶር ባርባሩስ ይባላል። አገሩ ስፔን፣ ፖርቱጋል፣ ደቡብ ፈረንሳይና ሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ነው። እህል ሰብሳቢ ጉንዳን ነው። ለጀማሪ የሚመረጠውም ለዚህ ነው፤ ዋና ምግቡ ዘር ስለሆነ በየቀኑ ዝንብ እያሳደዱ ማቅረብ የለም። ገብረ ጉንዳን ሲባል እኛ አገር በመንጋ ወጥቶ ያገኘውን ሁሉ እየነከሰ የሚያልፈው ነው ትዝ የሚለን። ይሄ እንደዚያ አይደለም። የራሱን ጎተራ እየሞላ የሚኖር ነው። ሰሎሞን ሰነፉን ሰው ሄደህ ተማር ብሎ የላከው ወደዚህ ወገን ሳይሆን አይቀርም፤ እነዚህ ጉንዳኖች በእስራኤል ምድር ሞልተዋል። የሚገርመው የሰሜን አውሮፓ ምሁራን ለረጅም ጊዜ ሰሎሞንን አላመኑትም ነበር። እነሱ አገር ያለው ጉንዳን እህል አያከማችማ። ሞግሪጅ የሚባል እንግሊዛዊ በ1870ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ማንቶን ላይ ጎጆ ቆፍሮ እህሉን ከነክፍሉ ካሳየ በኋላ ነው ክርክሩ የረገበው። ዓይተው ካላረጋገጡ አያምኑም። ደግ ነው፣ እኔም እንደነሱ ነኝ።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ካርቶኑ ውስጥ አንድ ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን አለ። ግማሹ ጀሶ ፈሶበት ትንንሽ ክፍሎች የተቀረጹበት መኖሪያ ነው። ሌላው ግማሽ ምግብ የሚቀርብበት ሜዳ። ሁለቱን የሚያገናኝ የላስቲክ ቱቦ አለ። ቀይ ፕላስቲክ መሸፈኛ፣ ውሃ ማንጠባጠቢያ፣ የዘር ከረጢት፣ አንድ ገጽ መመሪያ። ጉንዳኖቹ ለብቻቸው፣ አፉ በጥጥ በተወተፈ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ናቸው።

ይህ ቱቦ ነው የጥቅሉ ጌታ። ለብቻው ሲሸጥ አንድ ዩሮ ቢሆን ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። የታችኛው ክፍል ውሃ ይሞላል። ውሃው ላይ ጥጥ ይወተፋል። ጥጡ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ ውሃው ግን አይፈስም። የቀረው ደረቅ ቦታ የጉንዳኖቹ ነው። አፉ ላይ ሌላ ጥጥ። በቃ። ንግሥቲቱ ስትጠማ እርጥቡን ጥጥ ትልሳለች። እንቁላሉ እርጥበት ሲፈልግ ወደ ውሃው ጠጋ ይላል፣ ሲበዛበት ወደ አፉ ይሸሻል። ማለቴ ሠራተኞቹ ናቸው በአፋቸው ይዘው የሚያጓጉዙት።

ለምን እንደሚመቻት የገባኝ አኗኗሯን ካነበብኩ በኋላ ነው። የዚህ ዝርያ ንግሥት በበልግ የመጀመሪያ ዝናብ ሲጥል ክንፍ አውጥታ ትበራለች። የአውሮፓ በልግ ማለቴ ነው፣ መስከረምና ጥቅምት። በዚያ ቀን አየር ላይ ታገባለች። ወንዶቹ ወዲያው ይሞታሉ። እሷ መሬት ታርፍና ክንፎቿን በገዛ እግሯ ነቅላ ትጥላለች። ጉድጓድ ቆፍራ ገብታ በሩን ትዘጋለች። ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ልጆቿ እስኪደርሱ እህል በአፏ አይዞርም። ከእንግዲህ የማያስፈልጋት የክንፏ ጡንቻ እየቀለጠ እሷንም ልጆቿንም ይመግባል። በዚያች ቀን የተቀበለችውን የወንድ ዘር ሆዷ ውስጥ አስቀምጣ ዕድሜ ልኳን ትጠቀምበታለች። ከዘሩ የነካው እንቁላል ሴት ይሆናል። ያልነካው ወንድ። ሠራተኞቹ በሙሉ ሴቶች ናቸው። ልጄ ይህን ለክፍል ጓደኞቹ አስረድቶ ከወንዶቹ ጋር ተጣልቶ መጣ።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ፍጡር የምትፈልገው ጠባብ፣ ጨለማና እርጥብ ቦታ ነው። ሻጩ የሚሸጥላት ደግሞ ሰፊ፣ ብሩህና በአራቱም በኩል የሚያሳይ ሳጥን። ለትናንት ሙሽሮች ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ እንደ ማከራየት ነው። የማስታወቂያው ፎቶ ላይ ጉንዳኖች ክፍሉን ሁሉ ሞልተው ይታያሉ። እንደዚያ የሚሞላው መንጋ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ሃያዎቹ ቱቦው ውስጥ ተቀምጠው ለወራት ንቅንቅ አላሉም። ልጄ በየጠዋቱ "ገቡ?" ይላል። አልገቡም። እኔ እንደሆንኩ ፈረድኩላቸው።

የሳጥኑ ጉድለት በዚህ አያበቃም። ክዳኑ አንድ ጥግ ላይ በትክክል አይገጥምም። ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ወረቀት የሚያስገባ ደግሞ ትንሿን ሠራተኛ ያስወጣል። ጀሶው ውሃ ሲጠጣ ቶሎ አይደርቅም፣ ጥጉ ላይ ሻጋታ አበቀለ። መገናኛ ቱቦው ሳጥኑን በነካሁት ቁጥር ይላቀቃል። ለሻጩ ጻፍኩ። መጀመሪያ ማሽን የጻፈው መልስ መጣ። ቀጥሎ ለሚቀጥለው ግዢ የአሥር በመቶ ቅናሽ ኮድ ላኩልኝ። ክዳን ነበር የጠየቅኳቸው።

ላመስግን ከተባለ ቀዩ መሸፈኛ ጥሩ ነው። ጉንዳኖች ቀይ ብርሃን እምብዛም አይታያቸውም። በቀዩ ስናያቸው ጨለማ ውስጥ ያሉ ስለሚመስላቸው አይደናገጡም። ቱቦውን በሱ ጠቅልዬዋለሁ። ከልብስ ማጠቢያው ማሽንም አርቁት። ጆሮ የላቸውም፣ ንዝረቱን ግን በእግራቸው ይሰሙታል፤ ያኔ ሁሉም እንቁላልና እጭ ተሸክመው ይተራመሳሉ።

አሁን ደስ ወዳለኝ ነገር። የዘሩን ከረጢት ስከፍት ምን ባይ ጥሩ ነው? ኑግ! የወፍ መኖ ድብልቅ መሆኑ ነው። ጥቁሩ፣ የሚያብረቀርቀው የራሳችን ኑግ። ኑግ ከኢትዮጵያና ከሕንድ እየወጣ አውሮፓና አሜሪካ የወፍ ምግብ እንደሚሆን በወሬ አውቅ ነበር። ጉንዳን ቀለብ ሆኖ ማየት ግን ሌላ ነው። ከረጢቱ ውስጥ አምስት ስድስት ዓይነት ዘር አለ። እነሱ መጀመሪያ የወሰዱት ኑጉን ነው። ቅባቱ ይሆናል የሳባቸው። እኔም ከዕቃ ቤት ጤፍ ቆንጠር አድርጌ ጨመርኩ። ጤፉን ትንንሾቹ ናቸው ያነሱት። አንዷ አንድ ፍሬ ይዛ ትገባለች፣ ባዶዋን ትመለሳለች፣ ደግሞ አንድ። እዚህ አገር የጤፍ ዋጋ ስንት እንደሆነ ብታውቅ እንደዚያ አትዝናናም ነበር።

ሠራተኞቹ የአንድ እናት ልጆች ሆነው መጠናቸው ለየቅል ነው። ትንሿ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። ትልቋ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ታልፋለች። ትልልቆቹ መንጋው ሲበረክት ነው የሚወለዱት። ጭንቅላታቸው ቀላ ያለ፣ ከሰውነታቸው ጋር የማይመጣጠን ነው። ውስጡ የመንጋጋ ጡንቻ ነው። ትናንሾቹ ያቃታቸው ጠንካራ ዘር ሲመጣ ይሰብራሉ። የተሰበረውን ሌሎቹ ይፈትጉታል። ከዚያ ተሰብስበው በምራቃቸው እያራሱ ያኝኩታል፣ ያኝኩታል፤ የማታ ማታ ሊጥ ይሆናል። አርቢዎች "የጉንዳን ዳቦ" ይሉታል። ለእጮቹ የሚቀርበው እሱ ነው። የእኛን መንጋ የመጀመሪያ ዳቦ ያየሁት ከሌሊት ተረኝነት ስመለስ፣ ኮቴን ሳላወልቅ ነው። ልጁን ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት። ባለቤቴ ተቆጣ።

ገለባውን አንድ ጥግ ይጥሉታል። ሁልጊዜ ያው ጥግ፣ ከመኖሪያቸው የራቀው። የሞተችም እዚያው ትወሰዳለች። የሞተች መሆኗን የሚያውቁት በጠረኗ ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዊልሰን በ1950ዎቹ ከሬሳ የሚወጣውን ኦሊክ አሲድ የሚባል ነገር በሕይወት ያለች ጉንዳን ላይ ቀባ። ጓደኞቿ እየተንፈራገጠች ተሸክመው መቃብር ጣሏት። ተነስታ ስትመለስ እንደገና ወሰዷት። ሽታው እስኪለቃት ድረስ ሬሳ ናት። ቤታችን ውስጥ ከዚህ ወሬ የበለጠ የተሳቀበት የለም።

እኔ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው። ቁስል ማጠብና ማሸግ የየቀን ሥራዬ ነው። ስለዚህ ከሁሉ ያስገረመኝ እዚሁ ጎረቤታችን ቩርዝበርግ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ጥናት ነው። በ2024 ወጣ። የፍሎሪዳ አናጢ ጉንዳን የሚባል ዝርያ አለ። የአንዷ እግር ጭኗ ላይ ሲቆስል ባልንጀራዋ ቁስሉን ትልሳለች፣ ከዚያ እግሩን ከሥሩ እየነከሰች ትቆርጠዋለች። ቢያንስ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ቆሳዪቱ ዝም ብላ ትቆማለች። ቁስሉ በባክቴሪያ ተመርዞ ያለ ሕክምና ሲተው ከመቶ አርባ እንኳ አይተርፉም ነበር። የተቆረጠላቸው ከ90 በመቶ በላይ ይድናሉ። ቁስሉ ቅልጥም ላይ ከሆነ ግን አይቆርጡም፣ ይልሳሉ ብቻ። በዚህም የሚተርፉት ከ15 ወደ 75 በመቶ ይደርሳል። ለምን ለዩ? ጭን ውስጥ ብዙ ጡንቻ አለ። ጡንቻው ሲጎዳ የሰውነት ፈሳሽ ዝውውር ይቀንሳል፣ ባክቴሪያው ቶሎ አይሰራጭም፣ ለመቁረጥ ጊዜ አለ። ከቅልጥም ግን በፍጥነት ይገባል። ቆርጠው ሳይጨርሱ ይቀደማሉ። ይቆረጥ አይቆረጥ ተብሎ ሐኪሞች ሲመካከሩ አጠገባቸው ቆሜ አውቃለሁ። ይህን አንብቤ ሥራ ቦታ ለአለቃዬ አሳየኋት፣ አትማ ዕረፍት ክፍል ለጠፈችው። የእኔዎቹ ሜሶሮች እንዲህ ያደርጋሉ አላልኩም፤ የዝርያው ነገር ነው።

ስለ ማምለጥ። መመሪያው "የሳጥኑን ጠርዝ ዘይት ቀቡ" ይላል። ዘይቱ በሳምንት ውስጥ አቧራ ጠጥቶ መንገድ ሆነላቸው። ጠዋት ወጥ ቤት መስኮት ላይ ሰልፍ አገኘሁ። ለእናቴ ስነግራት "አመድ ነስንሺበት" አለች፣ ቀላል ነገር ነው በሚል ድምፅ። አርቢዎች ጋ ስጠይቅ የተነገረኝም ከዚያ የራቀ አይደለም። የሕፃን ፓውደር ዓይነቱን ዱቄት በአልኮል በጥብጦ ጠርዙን መቀባት። አልኮሉ ተንኖ ዱቄቱ ብቻ ይቀራል። የላላው ዱቄት እግራቸው ሥር እየተናደ መቆናጠጫ ያሳጣቸዋል። ከዚያ ወዲህ አንዲትም አልወጣችም። ጥቅሉ ውስጥ ይህን ቢጨምሩ ሃምሳ ሳንቲም አያወጡም ነበር።

መመሪያው ስለ ክረምትም አንድ ቃል የለውም። ይህ ዝርያ ከኅዳር እስከ የካቲት ገደማ ዕረፍት ይፈልጋል፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ በሚሆን ቅዝቃዜ። እኛ ኬለር፣ ማለትም ምድር ቤት፣ አወረድናቸው። ከድንቹ ጎን። ውሃቸውን አልፎ አልፎ ማየት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ዓመቱን ሙሉ ማሞቂያ አጠገብ አስቀምጦ ንግሥቲቱን ያደክማታል።

ሌላም ያልጻፉት አለ፦ ከተሰላቻችሁ ውጭ አትልቀቋቸው። ክልክል ነው፣ ክልከላውም ምክንያት አለው። ከደቡብ አሜሪካ በመርከብ የመጣው የአርጀንቲና ጉንዳን ከጣሊያን እስከ ሰሜን ምዕራብ ስፔን ባለው ጠረፍ 6,000 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን አንድ ግዙፍ መንጋ መሥርቷል። እርስ በርሱ አይጣላም። የአገሬውን ጉንዳን ግን ይጠርገዋል። በእኛም አገር በባሕር ዳር ዙሪያ ባሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ የሚባል ጉንዳን ሲጠና ከመንጋዎቹ ትልቁ 38 ኪሎ ሜትር የተዘረጋ ሆኖ ተገኝቷል። እሱስ የአገሩ ልጅ ነው። እናቴ "ጓሮ ሞልቷል" ስትል አጋንና አልነበረም።

ስትገዙ ንግሥቲቱ ከየት እንደመጣች ጠይቁ። በ2025 ኬንያ፣ ናይቫሻ ላይ ሁለት የ19 ዓመት ቤልጂጋውያን ወጣቶች 5,000 ያህል ንግሥቶች ይዘው ተገኙ። አብዛኞቹ ሜሶር ሴፋሎቴስ የሚባለው ትልቁ የምሥራቅ አፍሪካ እህል ሰብሳቢ ናቸው፣ የእኛዎቹ ዘመዶች። ጥጥ በተወተፈ ቱቦ ውስጥ። አዎ፣ ያ የማመሰግነው ቱቦ። ፍርድ ቤቱ 1 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ቅጣት ወይም የ12 ወር እስራት ፈረደባቸው። አንዲት ንግሥት ስትወሰድ ከሷ የሚወለደው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ልጆቿ እዚያው ቢቀሩ የሚበትኑትን ዘር፣ እየቆፈሩ የሚያለሰልሱትን አፈር ቁጠሩት። የእኛ ሻጭ ለጥያቄዬ "ከአውሮፓ አርቢ" ብሎ መልሷል። በዚህ ጉዳይ ፈጣን ነበር፣ አልዋሽም።

ታዲያ ለማን ይሆናል? ዛሬ ገዝቶ ነገ ትርኢት ለሚጠብቅ ልጅ አይሆንም። ከእንቁላል ሠራተኛ እስክትወጣ እንደ ሙቀቱ ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር ይፈጃል። ብዙ ቀን ምንም አይታይም። ነገር አሳድዶ ማየት ለሚወድ፣ ብቻውን ጥግ ይዞ መቀመጥ ለሚችል ልጅ ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ወላጅም ዕድሜውን ያስብ። እዚህ አገር በየጓሮው ያለችው የተራዋ ጥቁር ጉንዳን አንዲት ንግሥት በሰው እጅ ከ28 ዓመት በላይ ኖራለች። ልጄ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ ጉንዳኗ ለማን እንደምትቀር ከወዲሁ ገብቶኛል።

እንደገና ብገዛ እንዲህ አደርጋለሁ። በፀደይ፣ ብርዱ ሲያልፍ፣ ንግሥቲቱንና ሠራተኞቿን ብቻ አዝዛለሁ፤ ከሃያ እስከ ሠላሳ ዩሮ ነው። ሁለት ትርፍ ቱቦ። ክዳኑ የሚገጥም የምግብ ሣጥን ከሱቅ። ፓውደር። ኑግና ጤፍ ቤት አለ። አልፎ አልፎ ለእጮቹ ፕሮቲን የሚሆን የሞተ ዝንብ። ጀሶ ቤቱን መንጋው ከመቶ ሲያልፍ አስብበታለሁ።

ነጥብ ካላችሁኝ ለጉንዳኖቹ አምስት፣ ለሳጥኑ ሁለት። ኑርንበርግ አካባቢ ሳጥኑን የሚፈልግ ካለ በግማሽ ዋጋ እሰጣለሁ፣ ሻጋታውን አጥቤዋለሁ። ክዳኑ እንደማይገጥም ግን ተናግሬያለሁ።